ያላለቀስኩበት ሰሞን

እርጥብ ጀሶ ሽታ አለው። ብዙ ሰው የለውም ይላል፤ አለው። ዝናብ የነካው የኖራ ግድግዳና የተማሪ ቤት ጠመኔ አንድ ላይ ቢሸቱ እንደዚያ ይሆናሉ። በዚህ ወር መባቻ ልደታን ተሳልሜ ወደ ቤቴ ስመለስ፣ ጎረቤት ያጠበችው የኮንዶሚኒየማችን ደረጃ ገና አልደረቀም ነበርና አንሸራተተኝ። በግራ እጄ ተደግፌ ወደቅኩ። አንጓዬ ወዲያው አበጠ። ወንድሜ ተፈራ መኪና ጠርቶ ሆስፒታል ወሰደኝ። እሱም ዛሬ ጡረታ የወጣ ሽበታም ሰው ነው፤ ቀልዱ ግን አላረጀም። «ምነው፣ ዛሬም ግንብ ላይ ወጥተሽ ሙሽራ ስታዪ ነው?» አለኝ መንገድ ላይ። ሾፌሩ ነገሩ ባይገባውም ሳቀ። ሆስፒታሉ ደርሰን በኮሪደሩ ስናልፍ ግን ያ ሽታ መጣ፤ የተፈራም ቀልድ ቀልድ መሆኑ ቀረ።

ራጅ ከተነሳሁ በኋላ ጀሶ ክፍል አስገቡኝ። የተቀበለችኝ ተማሪ ሐኪም ናት፤ አጠር ያለች፣ ሹሩባ የተሠራች፣ የነጭ ጋዋኗ ኪስ እስክሪብቶና ብስኩት አንድ ላይ የያዘ። «እማማ፣ በጣም ያምዎታል?» አለችኝ። «ደህና ነኝ ልጄ፤ አያምም» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። ውሃውን በሳፋ ስታዘጋጅ ዝምታው እንዳይከብደኝ ብላ መሰለኝ፣ ታወራኝ ጀመር። እኔም ሕክምናን ለምን እንደመረጠች ጠየቅኳት። «ልጅ ሆኜ አስም ነበረብኝ፤ ከትምህርት ቤት ይልቅ ድንገተኛ ክፍልን ነበር የማውቀው» አለች። «አንዲት ነርስ ነበረች፤ የመተንፈሻ ጭምብሉን ለእኔ ከማድረጓ በፊት መጀመሪያ ራሷ አድርጋው ታሳየኝ ነበር። ዝሆን ነበር የምትመስለው፤ እስቃለሁ። ሳድግ እሷን ነው የምሆነው አልኩ። እናቴ ደግሞ ካልቀረ ዶክተር ሁኚ አለችኝ።» ከዚያ እየሳቀች «እርስዎስ፣ ሥራዎ ምን ነበር?» አለችኝ። «የመንግሥት ሠራተኛ ነበርኩ» አልኳት። ውሸት አይደለም።

ያደግንበት ቤት ዛሬ የለም። ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ፣ አሁን ፎቆቹ የቆሙበት ቦታ ላይ፣ በአንድ ግቢ ውስጥ ብዙ ቤተሰብ ሆነን እንኖር ነበር። የጭቃ ቤቶች ነበሩ፤ በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ ግድግዳው በጋዜጣ ይለጠፍ ነበርና እኔ ፊደል ያጠናሁት ከግድግዳ ነው። አባቴ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ልብስ ሰፊ ነበር። ያን ጊዜ ወጣቱ ሁሉ ከታች የሚሰፋ ሱሪ ስፋልኝ የሚልበት ዘመን ስለነበር አባቴ «ይሄ ሱሪ ነው ወይስ ደወል?» እያለ እየተሳለቀ ይሰፋው፣ ገንዘቡንም ይቀበል ነበር። ሴቶቹ አጭር ጉርድና ናይለን ሹራብ ይለብሳሉ፤ ፀጉር እንደ ጥላ ተነፍቶ ይበጠራል። ዳቦ በአምስት ሳንቲም ይገዛ ነበር፤ እሱም ዳቦ ነበር፣ እንደ ዛሬው አየር አይደለም። በስሙኒ በትንሿ ሰማያዊና ነጭ ታክሲ ከልደታ ፒያሳ ይደረሳል፤ አራት ሰው ተጣቦ፣ ጉልበቱን አገጩ ሥር አድርጎ። ከሰዓት በኋላ ከጎረቤት ሬዲዮ የአኮርዲዮን ዘፈን ሲመጣ የግቢው ሴቶች ልብስ እያጠቡ አብረው ያንጎራጉራሉ። ዛሬ በመስኮቴ ባቡሩ ሲያልፍ ይሰማኛል። አልጠላውም፤ ግን አብሮት የሚያንጎራጉር ሰው የለም።

ሰኔ ሊገባ ሲል እናቴ ተፈራን ወለደች። እኔ ስምንት ዓመቴ ይመስለኛል። አራስ ቤት ሲኖር ቤቱ ሁሉ ዝም ይላል፤ በመጋረጃ በኩል ገንፎና የሕፃን ሽታ ይመጣል። እናቴን የምታርሳት ጎረቤታችን እትዬ በላይነሽ ነበረች፤ ምላሷ ስለታም፣ እጇ ግን ሩኅሩኅ። «አንቺ ልጅ፣ ኮሽታ እንዳልሰማ፤ እናትሽ እንቅልፍ ያስፈልጋታል» ትለኝ ነበር በገባሁ በወጣሁ ቁጥር። አንድ እሑድ ቀን በመንገዱ የሰርግ መኪኖች ጡሩምባ እየነፉ መጡ። የእኛ ግቢ ልጆች ሁሉ ግንብ ላይ ተንጠላጠሉ፤ እኔም ሙሽራዋን ለማየት ወጣሁ። መጋረጃዋን አየሁ፤ ፊቷን ሳላይ ከግንቡ ላይ የነበረው ድንጋይ ተናደና ከእሱ ጋር ወረድኩ። ግራ ክንዴ ከክርኔ ዝቅ ብሎ ጎበጠ።

በዚያ ጊዜ አጥንት ሲሰበር ሐኪም ቤት የሚሄድ ሰው አላውቅም። የሚሄደው ወደ ጋሽ ሰይድ ነበር። ጋሽ ሰይድ ከወሎ የመጣ ወጌሻ ነው፤ ቀን ቀን ጠመንጃ ያዥ ከአባቴ ሱቅ ጎን አልጋና ወንበር ይሠራል፤ ማታና እሑድ ሰው ያሽ ነበር። ገንዘብ አይቀበልም፤ ስጦታ ከመጣለት ስኳር ይወድ ነበር። እጁ እንደ አናጢ እጅ ሻካራ፣ ሲነካ ግን ቀስ ያለ ነው። አባቴ ይዞት መጣ። «ቢስሚላህ» አለና ክንዴን በቅቤ አሸው፤ ከዚያ ሳልዘጋጅ ጎተተው። ግቢው ሁሉ ጩኸቴን ሊሰማ ቆሞ ነበር። ከዚያ በፊት አንድ የጎረቤት ጎረምሳ ጋሽ ሰይድ እጅ ላይ እንዴት እንደጮኸ ሁልጊዜ እየተነሳ ይሳቅበት ነበርና፣ እኔ ጥርሴን ነክሼ ዝም አልኩ። ጋሽ ሰይድ ቀርከሃ በስሱ ሰንጥቆ፣ በአቡጀዲ ጨርቅ ከክርኔ እስከ ጣቶቼ ጫፍ ጠቅልሎ አሰረው። «ሳምንት ሳይሞላው አይፈታም፤ ከተፈታ አጥንቱ መንገዱን ይስታል» አለ። አባቴ ራሴን ዳሰሰኝ። «የእኔ ልጅ ጨዋ ናት፤ አየኸው ሰይድ? እንባ የላትም» አለ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አባቴ በሰው ፊት እንዲያ ሲያመሰግነኝ አላስታውስም። ከረሜላም ገዛልኝ።

ያን ሌሊት ክንዴ ተቃጠለ። በማግስቱ በውስጡ ሰው እንደሚያንኳኳ ይመታ ጀመር። ላለቅስ ፈልጌ ነበር፤ ነገር ግን ከመጋረጃው ወዲያ እናቴ ተኝታለች፣ እትዬ በላይነሽ ኮሽታ እንዳልሰማ ብላለች፣ አባቴም ጨዋ ናት ብሏል። የአባቴን አሮጌ ካፖርት ጫፍ አፌ ውስጥ ከትቼ ተኛሁ። ሰኞ ማታ ጣቶቼ ላይ ጉንዳን የሚሄድ መሰለኝ። ማክሰኞ ጠዋት ምንም አይሰማኝም ነበር። ዳንኩ ብዬ ደስ አለኝ። ከእሽጉ ጫፍ የሚታየው የጣቶቼ ጥፍር ብቻ ነበር፤ እሱም እንጆሪ የበላሁበት ይመስል ነበር።

በዚያ ጠዋት አንዲት ተማሪ ነርስ አራሷን ልታይ መጣች። ያን ጊዜ ከነርሶች ትምህርት ቤት ተማሪዎች በየሰፈሩ እየተላኩ አራስና ሕፃን ይጎበኙ ነበር። ሰማያዊ ቀሚስ፣ ነጭ ሽርጥ፣ በጣም የተወለወለ ጥቁር ጫማ፤ ጭቃችንን እንዴት እንዳለፈችው አላውቅም። ስሟ አበበች ነው፤ ገና ባትመረቅም ሰፈሩ ሲስተር ይላት ነበር። ተፈራን መዘነች፣ እናቴን ጠያየቀች፣ ልትወጣ ስትል በር ላይ ተቀምጬ አየችኝ። ተንበረከከች። የአውራ ጣቴን ጥፍር በጣቷ ጫን አድርጋ ለቀቀች። ከዚያ የሚቀጥለውን። እንደገና አውራ ጣቴን። ፊቷ ተለወጠ።

«ያምሻል?» አለችኝ።

«አያመኝም።»

«ትናንትስ?»

«አላመመኝም» አልኳት።

እትዬ በላይነሽ ከወዲያ ሆና «እሷ እኮ ጨዋ ናት፤ እንደነዚህ እንደሚለፈልፉት አይደለችም» አለች።

ሲስተር አበበች ዓይኗን ከእኔ አላነሳችም። «እኔ ጨዋ መሆንሽን አልጠየቅሁሽም» አለችኝ ቀስ ብላ። «ያምሽ እንደሆነ ነው የጠየቅሁሽ።»

እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። «ትናንት በጣም ያመኝ ነበር» አልኳት። «ዛሬ ጣቴ የለም።»

ተነስታ ከቦርሳዋ መቀስ አወጣች። እትዬ በላይነሽ በመካከላችን ቆመች። «ምን ልታደርጊ ነው? ጋሽ ሰይድ ያሰረውን? አጥንቱ መንገዱን ቢስትስ? አንቺ ራስሽ ተማሪ ነሽ፣ ነገ እጇ ጠምዛዛ ቢሆን ማን አግብቶ ይወስዳታል?»

«እትዬ፣ ዛሬ ካልተፈታ ነገ የሚጣመም እጅ አይኖራትም» አለች ሲስተር። ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። አሁን ሳስበው ሃያ ዓመት አይሞላትም። ብትሳሳት ሰፈሩ ዳግመኛ በር አይከፍትላትም፤ ትምህርት ቤቷም ምን ይላት እንደነበር እንጃ።

ያኔ መጋረጃው ተገለጠ። እናቴ ተፈራን ታቅፋ፣ ራሷን በሻሽ አስራ ቆማ ነበር። አራስ ሆና ከመኝታዋ ወደ በር መውጣቷን ሳይ ከእጄ ይልቅ እሱ አስፈራኝ። ጣቶቼን አየች። «በላይነሽ፣ ሂጂና ሰይድን ጥሪው» አለች። «አንቺ ደግሞ እሱን አትጠብቂ። ፍቺው።»

መቀሱ ግን አልገባም። ክንዴ አብጦ ጨርቁ ሥጋዬ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ሲስተር ቆዳዬን እንዳትቆርጥ እየፈራች አንድ አንድ ክር ትበጥሳለች። ጋሽ ሰይድ እጁ ሰጋቱራ እንደሆነ እየሮጠ መጣ፤ እትዬ በላይነሽ ከኋላው «እኔ ምን ላድርግ፣ አልሰማ አሉኝ» ትላለች። የሚቆጣ መስሎኝ ነበር። ጥፍሬን አየ። እንደ እሷ ጫን አድርጎ ለቀቀው። ደሙ አልተመለሰም፤ ነጭ እንደሆነ ቀረ። ጋሽ ሰይድ «ያ አላህ» አለና ተቀመጠ። «ቋጠሮው ከሥር ነው፤ እኔ ነኝ የማውቀው። አንቺ ያዢልኝ።» እሷ ክንዴን ደግፋ፣ እሱ በስለታሙ የእንጨት መሮው ጫፍ ቀርከሃውን አንስቶ ከሥሩ ያለውን ቋጠሮ በጠሰው። እሽጉ ሁሉ አንድ ጊዜ ተፈታ።

ደም ሲመለስ የሚያመውን ሕመም ለማንም አልመኝም። ከዚያ በኋላ ሁለት ልጆች ወልጃለሁ፤ እንደዚያ አላመመኝም። ጮኽኩ። መላው ግቢ፣ ምናልባት እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ድረስ ሰማኝ። ጋሽ ሰይድ ላቡን እየጠረገ «እሰይ! አልቅሺ! አልቅሺ የኔ እናት!» ይል ነበር፤ እሱም ዓይኑ እርጥብ ነበር። ታቅፎኝ ወደ መንገዱ ወጣ፣ ሲስተር ቦርሳዋን ይዛ ተከተለች፣ ሆስፒታል ልንሄድ ታክሲ ውስጥ ተጣበን ገባን። ሾፌሩ በመስታወት እያየ «አባባ፣ ልጅዎ ድምፅ አላት፤ ዘፋኝ ያድርጓት» አለ። ጋሽ ሰይድ «ዛሬ እንደ ልቧ ትዝፈን» አለው።

እጄ ተረፈ። ሐኪሙ ብዙ የሚናገር ሰው አልነበረም፤ ለሲስተር አበበች «በጊዜ አመጣሻት» ብቻ አላት። የክንዴ እብጠት ሲቀንስ አጥንቱን አስተካክለው በጀሶ ደገፉት። መጀመሪያ እርጥብና ቀዝቃዛ ነበር፤ ከዚያ እየሞቀ መጣ፤ ደነገጥኩ። «ሲደርቅ ይሞቃል፤ ቆይቶ ይተወዋል» አለኝ ጀሶውን የሚያስረው ሰው፤ እጁን ከላይ አሳረፈና እስኪበርድ አብሮኝ ቆየ። ሽታው ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእኔ ጋር ነው።

ትንሿ ጣቴና የቀለበት ጣቴ ግን ሙሉ በሙሉ አልመለስ አሉ። ሲስተር አበበች ተፈራን ልታይ በመጣች ቁጥር ከአሮጌ ካልሲ የተሠራ ኳስ ታስጨብጠኝ ነበር። «ጨምቂው። ሲያምሽ ንገሪኝ፤ እናቆማለን። ካልነገርሽኝ ግን አላቆምም» ትለኛለች። ጋሽ ሰይድም ዓርብ ከመስጊድ ሲመለስ በራችን ላይ ቆሞ «ክፈቺ፣ ዝጊ» ይለኛል። እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። ራሱን ነቅንቆ ይሄዳል። አንድ ቀን አባቴ «ሰይድ፣ ይብቃህ፤ ማንም አልወቀሰህም» ቢለው «አውቃለሁ» አለ። «ልጅ ሲያለቅስ እጄ ይሰማል። እሷ ዝም ስትል እጄ ደነቆረ። ከእንግዲህ ዝም የሚል ልጅ አላስርም።» አባቴ ከዚያ በኋላ ስለ ጨዋነቴ አንስቶ አያውቅም።

ሲስተር አበበች ተመርቃ ወደ ክፍለ ሀገር ተመደበች። ልትሰናበተን ስትመጣ እናቴ የምትሰጣት አጥታ ለራሷ የተሠራውን አዲስ ነጠላ ሰጠቻት፤ አልወስድም ብላ ተግደርድራ ወሰደች። ከዚያ ወዲያ አላየኋትም። የት እንዳለች ሲጠየቅ አንዱ ሐረር አለ፣ ሌላው ጎንደር አለ፤ ከዚያ ጊዜው ተለዋወጠና የሚጠየቅም ጠፋ። እኔ ግን ማን መሆን እንደምፈልግ ከዚያ ቀን ጀምሮ አውቀው ነበር። ማታ ማታ የተፈራን ጥፍር ጫን እያደረግኩ ሲመለስ አያለሁ፤ እሱ ያለቅሳል፤ እኔ «ይመለሳል» እላለሁ።

ሁለተኛ ደረጃ ጨርሼ ለጤና ረዳትነት ሥልጠና ስመዘገብ ፈታኙ እጄን አይቶ «ይሄ አይጨብጥም፤ እንዴት ትሠሪበታለሽ?» አለኝ። ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ክብ የወረቀት መጫኛ አንስቼ በግራ እጄ ጨበጥኩትና መልሼ ሰጠሁት። ሌላ ጥያቄ አልጠየቀኝም። ከዚያ በኋላ ዕድሜዬን በጀሶ ክፍል አሳለፍኩ፤ በሌላ ሆስፒታል፣ ከዚህ ራቅ ብሎ። ሰው ሲስተር ይለኝ ነበር። ሲስተር አይደለሁም ብዬ መጀመሪያ እመልስ ነበር፤ በኋላ ተውኩት። የሚመጡትን ልጆች የምጠይቀው የሲስተር አበበችን ጥያቄ ነበር። አባቶች «የእኔ ልጅ ጀግና ነው፣ አያለቅስም» ሲሉኝ ልጁን ዝቅ ብዬ አየዋለሁ፤ «ጀግና መሆንህን አልጠየቅሁህም» እለዋለሁ፤ ሴት ከሆነች «ጨዋ መሆንሽን» እላለሁ። እኔ ጋ የሚማሩ ወጣቶች ይስቁ ነበር። እኔ አልስቅም፤ እነሱም ቆይተው አይስቁም።

አንድ ቀን ጋሽ ሰይድ በዱላ ተደግፎ፣ የልጅ ልጁን አስከትሎ መጣ። የልጁ ክንድ በቀርከሃ ታስሯል፤ ጣቶቹ ግን ሁሉም ከእሽጉ ውጭ ናቸው፣ ማሰሪያውም ልል ነው። «ጥፍሩን አይቻለሁ፤ ይመለሳል» አለኝ። «አንቺ ግን እዪልኝ። ዓይኔ እንደ ድሮው አይደለም።» ጫን አድርጌ ለቀቅኩት። ወዲያው ቀላ። ጋሽ ሰይድ ከዚያ ወደ እኔ ዞረና «አንቺስ?» አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ ገብቶኝ ግራ እጄን ዘረጋሁለት። ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። ለዚያ ልጅ ጀሶ ያሰርኩለት እኔ ነኝ። ጋሽ ሰይድ ጀሶው ሲሞቅ እንዲያይ እጁን ከላይ አስቀመጥኩለት። «እንደ ዳቦ ነው» አለ።

ተማሪዋ ሐኪም ይህን ሁሉ አታውቅም። የነገርኳትም ነገር የለም። እጅጌዬን ሰብስባ ጥጡን ጠቀለለች፣ እርጥቡን ጀሶ በላዩ ዘረጋች፣ በመዳፏ አለሳለሰችው፤ በጣቷ አልጫነችውም፤ ጥሩ ተምራለች። ጣቶቼ ሁሉ ውጭ ናቸው። ከዚያ የአውራ ጣቴን ጥፍር ጫን አድርጋ ለቀቀች። የሚቀጥለውን። ሁለቱ ጣቶቼ እንደማይጨብጡ አስተዋለች፤ የቆየ መሆኑን አይታ አለፈችው። ጀሶው መሞቅ ጀመረ።

«እማማ፣ ያምዎታል?»

«አያምም ልጄ።»

ወንበሯን ስባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። «እማማ» አለች፣ «ጨዋ መሆንዎን አልጠየቅሁም። ያምዎት እንደሆነ ነው።»

ተፈራ ከበሩ አጠገብ ቀና አለ። ይህን ነገር እናቴ ስትናገረው እየሰማ ነው ያደገው። አፉን ሊከፍት ሲል በዓይኔ ያዝኩት።

«ይህን ማን አስተማረሽ?» አልኳት።

«የጀሶ ክፍል መምህራችን ነው። በተለይ ለልጆችና ለትላልቅ ሰዎች እንዲህ በሉ ይለናል፤ እነሱ ናቸው የሚደብቁት ይላል። እሱም ከድሮ ሠራተኞች ሰምቶት ነው አሉ። ከማን እንደሆነ አላውቅም።» ትንሽ አፈረች። «አስቀየምኩዎት እንዴ?»

«አላስቀየምሽኝም።»

ስም ልነግራት አሰብኩ። የእኔን አይደለም፤ የእሷን። አበበች የምትባል፣ ጫማዋ የተወለወለ፣ ድምፅዋ እየተንቀጠቀጠ መቀስ ያወጣች ተማሪ ነበረች ልላት ነበር። ግን ልጅቷ መልስ እየጠበቀች ነበር፤ ሌሎችም ውጭ ወረፋ ይዘዋል። ታሪኩን ሌላ ቀን ጀሶው ሲፈታ እነግራታለሁ። የጠየቀችኝን መመለስ ይቀድማል።

«ያመኛል» አልኳት። «እዚህ ጋ፣ ከአንጓዬ በላይ። ከወደቅኩ ጀምሮ በጣም ነው የሚያመኝ።»

«እሺ» አለችና እጇን ጀሶው ላይ አሳረፈች። እስኪበርድ ድረስ አላነሳችውም።